ወታደር መዝጋቢ ሲሆን፦ ከእርስ በርስ ጦርነት በኋላ ስለሚሰጥ ድምፅ

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው። አንድ አንባቢ አራት ኪሎ ከጓደኞቻቸው ጋር ማኪያቶ ይዘው ተቀምጠው ክርክር ተነሣ። አንደኛው «ወታደር ባለበት ምርጫ የሚባል ነገር የለም» አለ። ሌላው «አሜሪካኖች ከእርስ በርስ ጦርነታቸው በኋላ ደቡቡን ያስተዳደሩት በጄኔራል ነው፤ ጥቁሩም መጀመሪያ ድምፅ የሰጠው በወታደር ጥበቃ ነው» ብሎ ሞገተው። አንባቢው የሚጠይቁኝ ይህ እውነት ነው ወይ፣ ወታደር የሲቪሉን የዕለት ኑሮ እንዴት አድርጎ ያስተዳድራል፣ እንዲህ ተደርጎ የተሰጠ ድምፅስ በሕግ ዓይን ድምፅ ይባላል ወይ ነው።

ሕገ መንግሥት ሳስተምር ዓመታት ቆጥሬአለሁ፤ ይህ ጥያቄ ክፍል ውስጥ ሳይነሣብኝ ያለፈ ዓመት ትዝ አይለኝም። ሁለተኛው ጓደኛዎ ታሪኩን በትክክል ይዞታል። የጎደለው ዋናው ቁም ነገር ነው፦ የጄኔራሎቹ ትልቁ ሥልጣን ያረፈው መዝገቡ ላይ ነበር። ማን ይጻፋል፣ ማን ይሰረዛል፣ የሚጽፈውስ ማን ነው? ወታደሩ በምርጫው ቀን በር ላይ ከመቆሙ ወራት በፊት ነገሩ እዚያ አልቋል። ስለዚህ መልሴን መዝገቡን ተከትዬ ልሂድ። (የአሜሪካ ዓመቶችን በሙሉ በነሱ አቆጣጠር እጽፋለሁ፤ የእኛን ስጠቅስ ዓ.ም. እላለሁ።)

መነሻውን ቶሎ ልለፈው። ከኅብረቱ ተገንጥለው ያመፁት የደቡብ ግዛቶች ጦር አዛዥ ጄኔራል ሊ አፖማቶክስ ላይ እጁን የሰጠው በ1865 ነው። ፕሬዚዳንት ሊንከን በዚያው ሳምንት ተገደለ፤ ባርነት በዓመቱ መጨረሻ በ13ኛው የሕገ መንግሥት ማሻሻያ ተሻረ። በሊንከን እግር የተተካው አንድሩ ጆንሰን ግን ተሸናፊዎቹን ቶሎ ቶሎ እየማረ የድሮ ምክር ቤቶቻቸውን እንዲያቋቁሙ ፈቀደላቸው። እነዚያ ምክር ቤቶች የመጀመሪያ ሥራቸው «ጥቁር ሕጎች» የተባሉትን ማውጣት ሆነ። የሥራ ውል የሌለው ጥቁር በቦዘኔነት ይከሰሳል፣ ይቀጣል፤ መቀጫውን መክፈል ካቃተው ጉልበቱ ለከፈለለት ሰው ይሰጣል። ከባርነት በስም ብቻ ነው የሚለየው። (ቦዘኔ የሚለው ቃል ለሕግ አርቃቂ ይመቻል መሰለኝ፤ እኛም በ1996 ዓ.ም. «አደገኛ ቦዘኔነትን» የሚመለከት ዐዋጅ አውጥተናል። ይዘቱ ሌላ ነው፣ ቃሉ ግን ሁልጊዜ ያሳስበኛል።) በ1866 ሜምፊስና ኒው ኦርሊያንስ ውስጥ ጥቁሮች በጅምላ ሲገደሉ የከተማው ፖሊስ ከገዳዮቹ ጋር ነበር። ኮንግረሱ ከዚህ በኋላ ትዕግሥቱ አለቀ። መጋቢት 2 ቀን 1867 የፕሬዚዳንቱን ቬቶ ሽሮ የመጀመሪያውን የመልሶ ግንባታ ሕግ፣ ማለትም ደቡቡ ወደ ኅብረቱ የሚመለስበትን ሕግ፣ አጸደቀ።

ሕጉ በአሥር ግዛቶች ውስጥ ሕጋዊ መንግሥት የለም፣ ለሰው ሕይወትና ንብረትም በቂ ጥበቃ የለም ብሎ ይነሣል። አሥሩን በአምስት ወታደራዊ ቀጠና ይከፍላቸዋል፤ ለእያንዳንዱ አንድ ጄኔራል ይሾማል። ቨርጂኒያ ለስኮፊልድ፣ ሁለቱ ካሮላይናዎች ለሲክልስ፣ ጆርጂያ ፍሎሪዳና አላባማ ለፖፕ፣ ሚሲሲፒና አርካንሶ ለኦርድ፣ ሉዊዚያናና ቴክሳስ ለሸሪዳን። ቴነሲ 14ኛውን ማሻሻያ፣ ጥቁሩን ዜጋ አድርጎ በሕግ ፊት እኩል የሚያደርገውን፣ ቀድማ ስላጸደቀች ይህ ቀረላት። የነበረው የሲቪል አስተዳደር ባይፈርስም «ጊዜያዊ» ተባለ፤ ጄኔራሉ ካልተመቸው ያነሣዋል። ሲቪሉን በወታደራዊ ችሎት ማቅረብ ይችላል፤ የሞት ፍርድ ብቻ ያለ ፕሬዚዳንቱ ፈቃድ አይፈጸምም። እኛ ኮማንድ ፖስት የምንለውን ያስቡ፤ ልዩነቱ ይህኛው መውጫ በር ያለው መሆኑ ነው። አንድ ግዛት ያለ ቀለም ልዩነት ወንዶች ሁሉ የሚመርጡበት አዲስ ሕገ መንግሥት አውጥቶ ካጸደቀና 14ኛውን ማሻሻያ ከተቀበለ ጄኔራሉ ይወጣል።

አሁን ወደ ዕለት ኑሮው። ሰው «ወታደራዊ አስተዳደር» ሲባል ሰዓት እላፊና ፍተሻ ነው የሚታየው፤ የእኛ ትውልድማ ሌላ ምን ይታየው። ሲክልስ ግን በሚያዝያ 1867 ያወጣትን አንዲት ትእዛዝ፣ ቁጥር 10ን፣ ብታነቧት የዐዋጅ ሳይሆን የእድር ስብሰባ አጀንዳ ትመስላለች። ሰው በዕዳ ምክንያት አይታሰርም። በመያዣ የተያዘ ንብረት ለጊዜው ለጨረታ አይወጣም። ገዳይ መሣሪያ ይዞ መዞር አይቻልም። ሲክልስ ከእህል አረቄ ማውጣትንም ከልክሏል፤ ምክንያቱም አዝመራው ከድቶ ሰው የሚበላው አጥቷል። ገበሬው ዕዳ ውስጥ ተዘፍቋል፣ ባለዕዳው ነጭም ጥቁርም ነው፣ ጄኔራሉ ደግሞ የብድር ሕግ እያወጣ ነው! ሕግ የተማረ ሰው እዚህ ላይ ሁለት ነገር ይሰማዋል። አንደኛ፣ ትእዛዙ ሰብአዊ ነው። ሁለተኛ፣ የፍትሐ ብሔር ሕግን በአንድ ፊርማ የሚያግድ ሰው ነገ ሌላም ነገር ሊያግድ ይችላል። ሲክልስ በዚሁ ትእዛዝ ከፌዴራሉ ፍርድ ቤት ጋር ተጋጨ፤ ጆንሰንም በነሐሴ አነሣው።

ኒው ኦርሊያንስ ውስጥ ደግሞ የትራሙ ነገር አለ። ጥቁሮች ኮከብ በተለጠፈበት ፉርጎ ብቻ ነበር የሚሳፈሩት። በ1867 ጸደይ ተቃውሞው ሲበረታ ኩባንያዎቹ ወታደሩ ከጎናቸው እንዲቆም ወደ ሸሪዳን ሄዱ። እሱ አልቆመላቸውም፤ ኮከቡም ቀረ። ያው ሸሪዳን የከተማውን ከንቲባ፣ ቀጥሎ የሉዊዚያናን ገዥ፣ ቀጥሎ የቴክሳስን ገዥ ከሥልጣን አንሥቷል። ፖፕ ደግሞ የመልሶ ግንባታውን ሥራ የሚቃወም ጋዜጣ የመንግሥት ማስታወቂያ እንዳያገኝ አዘዘ። ይህን የመጨረሻውን እኔ አልወድለትም። ዓላማው የቱንም ያህል ቢያምር፣ ጋዜጣን በማስታወቂያ ማስራብ ከዚያ ወዲህ የመጣ አምባገነን ሁሉ የተማረው ዘዴ ነው።

ይህን ሁሉ ያደረገው የጦር ኃይል ስንት ይመስልዎታል? በ1867 መጨረሻ በመላው ደቡብ ወደ 20 ሺህ ወታደር ቢሆን ነው። ያንን የሚያህል አገር ለመያዝ ይህ ምንም ማለት አይደለም። ወታደሩ ከተማ ውስጥና ባቡር ጣቢያ አካባቢ ነው የሚታየው፤ ጥጥ የሚለቀምበት ገጠር ውስጥ ለወራት አንድ ሰማያዊ ዩኒፎርም ላይታይ ይችላል። መዝገቡ ሁሉን ነገር የሚሆነውም በዚህ ምክንያት ነው።

ሁለተኛው ሕግ፣ በዚያው ወር የወጣው፣ ምዝገባውን ለጄኔራሎቹ ሰጠ። ለየአካባቢው ሦስት ሰው ያለበት መዝጋቢ ቦርድ ይቋቋማል፤ መዝጋቢው አመፁን በፈቃዱ ደግፎ እንደማያውቅ መማል አለበት። በደቡብ እንዲህ ብሎ በእውነት የሚምል ነጭ ማግኘት ፍየል ጢሟን ስትላጭ እንደማየት ነው። ስለዚህ መኮንኖች፣ ከሰሜን የመጡ ሰዎች፣ ጥቂት የአካባቢው የኅብረቱ ደጋፊዎችና ከባርነት የወጡ ሰዎች ቦርድ ላይ ተቀመጡ። ፖፕ በቀጠናው እያንዳንዱ ቦርድ ሁለት ነጭና አንድ ጥቁር እንዲኖረው አዘዘ፤ ክፍያውንም በተመዘገበ ስም አደረገው፣ ሰው በተጠጋጋበት ቦታ በስም 15 ሳንቲም፣ ሰው በተራራቀበት እስከ 40 ሳንቲም። እንዴት ያለ ብልሃት ነው! በስም የሚከፈለው መዝጋቢ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጦ አይጠብቅም፤ በቅሎውን ጭኖ እርሻ ለእርሻ ይዞራል። አደጋውም ይታያል፤ በስም የሚከፈለው ሰው ስም ለመጨመር እንጂ ለማጣራት አይተጋም።

ሌላ ችግርም ነበር። ሚሲሲፒ አካባቢ ከባርነት የወጡት ሰዎች ስማቸውን ማስጻፍ ፈሩ። ግብር ሊጣልብን ነው፣ ለውትድርና ሊወስዱን ነው የሚል ወሬ ተነዝቶ ነበር፤ ኦርድ ይህ ሐሰት መሆኑ እንዲነገራቸው ማዘዝ ነበረበት።

ይህን ሳነብ ሁልጊዜ አክስቴ ትመጣብኛለች። በ1986 ዓ.ም. ለሕገ መንግሥት ጉባኤው ምርጫ ስንመዘገብ፣ አራት ኪሎ ከሚገኘው ቤታችን እጄን ይዛኝ ወደ ቀበሌው አዳራሽ ወረድን። ያው አዳራሽ ነው፤ ስኳርና ዘይት በኩፖን ስንሰለፍበት የኖርነው። መዝጋቢው ወጣት ልጅ ነበር፣ ሰማያዊ ቀለም ጣቱ ላይ ደርቆ። አክስቴ ስሟን ነገረችው፣ የአባቷን ስም ነገረችው፣ ከዚያ ጎንበስ ብላ በሹክሹክታ «የኔ ልጅ፣ ይሄ ለስኳሩም ነው?» አለችው። ልጁ ሳቀ። እሷ አልሳቀችም። ቀበሌ ከሐምሌ 1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታ ዐዋጅ ጀምሮ ለእሷ ምን እንደነበረ ያውቃሉ፤ መታወቂያ የሚሰጠው፣ ስኳር የሚያድለው፣ በእነዚያ ክፉ ዓመታት ልጅ የሚያስወስደው አንድ ቢሮ ነው። ስሟ እዚያ መዝገብ ላይ መኖሩ መብላቷ ነበር፤ መፍራቷም። ወታደር ወይም ወታደር ያቆመው መንግሥት ሲመዘግብ፣ ተመዝጋቢው ሁልጊዜ ከመዝገቡ ኋላ ያለውን ሁለተኛ መዝገብ ይፈልጋል። የሚሲሲፒው ሰው ግብር ፈራ፣ አክስቴ ስኳሯን ፈራች።

ወደ አሜሪካ ልመለስ። በአሥሩ ግዛቶች በድምሩ ወደ 735 ሺህ ጥቁርና ወደ 635 ሺህ ነጭ ወንዶች ተመዘገቡ። በአላባማ፣ በፍሎሪዳ፣ በሉዊዚያና፣ በሚሲሲፒና በደቡብ ካሮላይና ጥቁር ተመዝጋቢዎች በለጡ። ከጥቂት ዓመት በፊት ሰው ሆኖ በሕግ ያልተቆጠረ ሰው አሁን አብላጫ ሆነ። ከጦርነቱ በፊት ለአሜሪካ ሕገ መንግሥት ምለው ሹመት የያዙና ኋላ አመፁን የተቀላቀሉት ግን ከመዝገቡ ውጭ ተደረጉ። የእገዳው ክበብ የት ላይ ይቁም በሚለው ብዙ ተጨቃጨቁ፤ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕጉ በጠባቡ ሲተረጉመው ኮንግረሱ በሐምሌ 1867 ሦስተኛ ሕግ አውጥቶ መዝጋቢው ከመሐላው ጀርባ ገብቶ ማጣራት ይችላል አለ። መዝጋቢ ዳኛ ሆነ ማለት ነው። መዝገቡ ሌላም አገልግሎት አገኘ፤ ሸሪዳንና ፖፕ የፍርድ ቤት ዳኝነት ሸንጎ፣ ማለትም ጁሪ፣ ከተመዘገቡ መራጮች መካከል እንዲወጣ አዘዙ። እስከዚያች ቀን ጥቁር በነጭ ዳኝነት ሸንጎ ብቻ ይፈረድበት ነበር። ከዚህ ወዲያ መዝገብ ላይ ያልሰፈረ ነጭም ሸንጎ አይቀመጥም።

ድምፁ ድምፅ ነበር ወይ ለሚለው፣ እኔ የምመዝነው በአንድ ነገር ነው፦ ሰዉ «አይሆንም» ማለት ይችል ነበር? ይችል ነበር። ሚሲሲፒ በ1868 የቀረበላትን ሕገ መንግሥት ጣለችው፤ ወደ 56 ሺህ ድጋፍ፣ ወደ 64 ሺህ ተቃውሞ። የቀድሞ አማፂያንን የሚያግደው አንቀጽ በዛብን ብለው ነው። ጄኔራሉ በቦታው፣ ወታደሩ በቦታው፣ ውጤቱ ግን የጄኔራሉ አልነበረም። በቀጣዩ ዓመት እገዳው ለብቻው ለድምፅ ቀረበና ወደቀ፤ ሕገ መንግሥቱ አለፈ። አላባማ ደግሞ ሌላ ትምህርት ሰጠች። የመጀመሪያው ደንብ ከተመዘገበው ሕዝብ ግማሹ ካልመረጠ ሕገ መንግሥቱ አይጸድቅም ይል ነበር። ነጮቹ ሒሳቡን ሠሩና ቤታቸው ተቀመጡ። ወደ 71 ሺህ ሰው ደገፈ፣ ወደ አንድ ሺህ ብቻ ተቃወመ፣ ተመዝጋቢው ግን ወደ 170 ሺህ ነበር፤ ወደቀ። ኮንግረሱ በመጋቢት 1868 በአራተኛው ሕግ ደንቡን ለወጠው፤ ከመረጡት አብላጫው ይበቃል ተባለ፣ አላባማም ተመለሰች። ጨዋታው ከተጀመረ በኋላ ደንብ መለወጥ ነውር ነው። ቤት መቅረትን ከመቃወም አስበልጦ የሚክስ ደንብ ግን ቀድሞውኑ ሞኝነት ነበር። ተማሪዎቼ እዚህ ላይ ለሁለት ይከፈላሉ፤ እኔ ከለወጡት ጋር ነኝ።

የጆርጂያውን ታሪክ ካላወራሁ ይቆጨኛል። ገዥው ቻርልስ ጄንኪንስ ለሕገ መንግሥት ጉባኤው ወጪ ከግዛቱ ግምጃ ቤት ገንዘብ አልሰጥም አለ። ፖፕን የተካው ጄኔራል ሚድ በጥር 1868 አነሣውና ጄኔራል ሩገር የሚባለውን ቦታው አስቀመጠ። ጄንኪንስ ምን አደረገ? የግዛቱን ማኅተም ይዞ ከአገር ወጣ። አዲሱ አስተዳደር ቢሮ አለው፣ ወታደር አለው፣ ማኅተሙ የለውም! ማኅተሙ ተመልሶ የመጣው በ1872 ነው። በማኅተም የማይቀልድ የእኛ አገር ባለሥልጣን ይህን ቢሰማ ይገባዋል።

የሕጉ ደካማ ጎን ይግባኙ ላይ ነው። ዊልያም ማካርድል የተባለ የቪክስበርግ ጋዜጠኛ በጽሑፉ ምክንያት በወታደር ታስሮ ወደ ወታደራዊ ችሎት ቀረበ። አካሉን ነጻ ለማውጣት ያቀረበው አቤቱታ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ። ክርክሩ ተሰምቶ ፍርዱ ሲጠበቅ ኮንግረሱ በመጋቢት 1868 ፍርድ ቤቱን በዚህ ዓይነት ይግባኝ ላይ የሰጠውን ሥልጣን ነጠቀው። ፍርድ ቤቱም በ1869 ሥልጣን የለኝም ብሎ መዝገቡን ዘጋ። ስለዚህ «በሕግ ዓይን ትክክል ነበር ወይ» ለሚሉኝ የምሰጠው ሐቀኛ መልስ፦ ሕጋዊነቱን የሚፈትን ችሎት እንዳይኖር ተደርጎ ነው የተሠራው። የመጣውን መብት እደግፋለሁ፤ የመጣበትን ይህን አንድ መንገድ ግን ለማንም አገር አልመክርም።

አሁን ወደ እኛ። ጓደኛዎ አሜሪካን ሲጠቅስ፣ በግልጽ ባይናገረውም፣ የሚያስበው 1983 ዓ.ም.ን ይመስለኛል። ንጽጽሩ ግን አንድ ቦታ ላይ ይሰበራል። የሸሪዳንና የፖፕ ጦር በምርጫው ራሱ ተወዳዳሪ አልነበረም። በኮንግረሱ አብላጫ የነበሩት ሪፐብሊካኖች እንዲያሸንፉ ብዙ መኮንን እንደተመኘ አልጠራጠርም፤ ሆኖም ጦሩ የመንግሥት እንጂ የፓርቲ አልነበረም፤ የበላዩ ፕሬዚዳንት ጆንሰን ደግሞ የሥራው ጠላት ነበር፣ ጄኔራሎቹን አንድ በአንድ ያነሣቸውም እሱ ነው። እኛ ዘንድ ግንቦት 20 ቀን 1983 ዓ.ም. አዲስ አበባ የገባው ጦር የአንድ ግንባር ጦር ነበር። ከሰኔ 24 እስከ 28 በአፍሪካ አዳራሽ በተደረገው ጉባኤ ቻርተር ጸደቀ፤ ከ87ቱ የተወካዮች ምክር ቤት መቀመጫ ኢሕአዴግ 32፣ ኦነግ 12 ያዙ። የኢሕአዴግ ጦር በሽግግሩ ዘመን የአገር መከላከያ ሆኖ እንዲያገለግል ተደረገ፤ የሌሎቹ ታጣቂዎች ደግሞ ካምፕ ይግቡ ተባለ። ሰኔ 14 ቀን 1984 ዓ.ም. የክልል ምርጫ ሲደርስ ኦነግ ጥቂት ቀን ሲቀረው ከምርጫው ወጣ፣ ወዲያውም ከመንግሥቱ። ማን ጥፋተኛ ነው የሚለውን እዚህ አልፈርድም፤ ክርክሩ ለብቻው አንድ ቀን ይፈልጋል። ግን አንዱ ተወዳዳሪ ጦሩን የአገር ጦር አድርጎ፣ ሌላው ጦሩን ካምፕ አስገብቶ በአንድ ሜዳ ሲሮጡ፣ የአላባማ ዓይነት ምርጫ ነው ማለት አልችልም።

የ1987ቱ ሕገ መንግሥታችን ይህን ያሰበበት ይመስላል። አንቀጽ 87 የመከላከያ ሚኒስትሩ ሲቪል እንዲሆንና ሠራዊቱ ከፓርቲ ወገንተኝነት ነጻ እንዲሆን ያዛል። አንቀጽ 102 ምርጫውን ከማንም ተጽዕኖ ነጻ ለሆነ ቦርድ ይሰጣል። ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. የተፈረመው የፕሪቶሪያ ስምምነትም ትግራይ ውስጥ በምርጫ ቦርድ ተቆጣጣሪነት ምርጫ እስኪደረግ አካታች ጊዜያዊ አስተዳደር ይኑር ነው ያለው። በወረቀት ደረጃ ከ1867ቱ ሕግ ይሻላል፤ መዝገቡን ለጄኔራል አልሰጠም። ጓደኞችዎ በቀጣይ ሲከራከሩ ግን ከምርጫው ቀን ይልቅ ምዝገባው የተጀመረበትን ቀን ይመልከቱ፦ መዝጋቢው ደመወዙን ከማን ያገኛል፣ «ስሜ ተሰረዘ» የሚል ሰው ለማን ይጮኻል፣ የተፈናቀለው በየትኛው ቀበሌ ይቆጠራል።

ለመጀመሪያው ጓደኛዎ፣ «ወታደር ባለበት ምርጫ የለም» ላለው፣ የተረፈችኝን አንዲት መዝገብ ልስጠው። በ1877 የፌዴራሉ ወታደር ከሉዊዚያና መንግሥት ሕንጻ አካባቢ ተነሥቶ ወደ ካምፑ ገባ። በዓመቱ የወጣ ሕግ ጦሩን በሲቪል ሕግ አስከባሪነት መጠቀምን ከለከለ። ከዚያ ማንበብና መጻፍ የሚችል ወይም ንብረት ያለው ብቻ ይመዝገብ፣ አያቱ በ1867 መጀመሪያ ላይ መራጭ የነበረ ግን ይህ አይመለከተውም የሚሉ ደንቦች መጡ። የማን አያት ያኔ መራጭ እንደነበረ ጓደኛዎ ያስላው። በ1896 በሉዊዚያና 130,334 ጥቁር መራጮች ተመዝግበው ነበር። በ1900 የቀሩት 5,320 ናቸው። በ1904 ደግሞ 1,342። መዝጋቢዎቹ በሙሉ ሲቪሎች ነበሩ።